ሮዳጅ ላይ የነበረችው ሚሌቼንቶ

ሰሞኑን ብርዱ ጠንክሯል። ኅዳር እንዲህ ነው፤ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሲነጋጋ ደግሞ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ትናንት ጠዋት ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ የልጅ ልጄ አዲሷን መኪናውን ከግቢ ሊያወጣ መጣ። ቁልፍ ማዞር እንኳን የለም፤ አንድ ነገር ተጫነ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ወዲያው ሊፈተለክ ሲል እጄን አንሥቼ አስቆምኩት። ትንሽ አታሞቃትም ወይ ስለው የዘንድሮ መኪና ማሞቅ አያስፈልጋትም አለኝ። ሮዳጅስ ጨርሳለች ብዬ ስጠይቀው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ፣ ሮዳጅ ምንድን ነው?" አለኝ። ላስረዳው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ፤ እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

እሱ ባይሰማኝም ለናንተ ልንገራችሁ። ሮዳጅ ጣሊያን ትቶልን ከሄደው የጋራዥ ቋንቋ አንዱ ነው። አዲስ የሆነ ወይም ተፈትቶ የታደሰ ሞተር ውስጡ ገና አልተላመደም። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ነው የሚሄደው፤ ብረት ከብረት ጋር ገና አልተዋወቀም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ሳይጭኑ፣ ሳይሮጡ፣ ሳያስጨንቁ፣ እያባበሉ መንዳት ነው። የተቻኮሉበት ሞተር ዕድሜ ልኩን ሲያጨስና ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። በብርድ ሲሆን ደግሞ ጣጣው ይበዛል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፣ ራዲያተሩን ፊት ለፊት በኬሻ መሸፈን ግድ ይሆናል። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር እኔ ከቄስም ከመምህርም አልተማርኩትም፣ ከሮዳጅ ነው። ምነው ባልተማርኩት የምልበት ጊዜም አለ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። መርካቶ ውስጥ ለጋሼ ዘበርጋ ሾፌርም መካኒክም ሆኜ እሠራ ነበር። ጋሼ ዘበርጋ ሳህንና ብርጭቆ በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው እዚያው ሱቅ በር ላይ ያደጉና የሸበቱ። ሰማያዊ ሚሌቼንቶ ነበረቻቸው። ፊያት ከሠራቸው ሁሉ እንደሷ ያለች መኪና የለችም ይሉ ነበር፤ ሌላ መኪና ነድተው ስለማያውቁ ማንም አይከራከራቸውም። እንዲያውም እሷንም ነድተዋት አያውቁም፣ ሁልጊዜ ከጎኔ ነበር የሚቀመጡት።

ያን ክረምት ሚሌቼንቶዋ ማጨስ ጀመረች። የተክለ ሃይማኖትን ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ያለው ሰው አይታይም ነበር። ሞተሩን አወረድኩት። ጭድ ተራ ጀርባ ባለው የእቃ ማከማቻ ግቢ፣ ጭድ ጭድ እየሸተተኝ፣ ፈትቼ አጥቤ አንድ በአንድ ገጠምኩት። ሲሊንደሩን ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት አስተካከሉልኝ፤ የጎደለውን ብሎን ሁሉ ምን አለሽ ተራ አገኘሁ። ምን አለሽ ተራ ገብቶ የፈለገውን ያጣ ሰው መፈለግ የማያውቅ ነው እንባባል ነበር። ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እየለቀመ ሲያቃጥል፣ እኔ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅሁ።

ጋሼ ዘበርጋ አንድ ልማድ ነበራቸው። የታደሰ መኪና የመጀመሪያ መንገዱ ለምርቃት ነው፤ በገንዘብ የጀመረ ጎማው አይበረክትም ይላሉ። ስለዚህ ሮዳጅ ሲወጣ መንገድ ላይ የቆመ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይታለፍም። ያሳፍሩታል፣ የሚሄድበት ያደርሱታል፣ ሒሳቡ ምርቃት ነው። በእሳቸው ተራ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ ይህን ያደርጉ ነበር፤ ማን እንደጀመረው ግን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ። ስሟን ስጠራ ዛሬም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አባቷ አቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ፤ ሱቃቸው ከጋሼ ዘበርጋ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። አስካለ መምህርነት ተምራ ጨርሳ ምድብ ስትጠብቅ አባቷን ታግዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመግባቷ በፊት በሚሌቼንቶዋ የጎን መስታወት ነጠላዋን ታስተካክላለች። መኪናዋን በሙሉ በጨርቅ የምወለውላት እኔ ነኝ፤ ያንን መስታወት ግን በሸሚዜ እጅጌ ነበር የምጠርገው። አንድ ቀን መስታወትህ ያወፍረኛል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን አልተቋረጠም። መቼም የመርካቶ ወሬ ነው፤ በግፊያ መሐል፣ በተሸካሚዎች ጩኸት መሐል፣ ሁለት ቃል ዛሬ ሁለት ቃል ነገ። እኔ ግን ማታ ተኝቼ እየደጋገምኩ አንድ ሙሉ ጨዋታ አደርገው ነበር።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ወደ መስታወቱ መጣች። ነጠላዋን አልነካችም። ደሴ አጠገብ ተመድባለች፤ በነጋታው በጠዋቱ አውቶብስ ልትሄድ ነው።

"አባቴ ደሴ ላለ ሰው ቃል ሊሰጥ ነው፤ ሠርጉ ለጥር ነው የሚሉት" አለችኝ። "ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ነገ ጠዋት አውቶብስ ተራ መጥተህ ሸኘኝ። ሳይህ ይገባኛል፤ ለአባቴ እምቢ የምልበት አንጀት ይኖረኛል። ካልመጣህም ይገባኛል።"

መልስ ሳልሰጣት አባቷ ከሱቅ ውስጥ ጠሯት። እርግጥ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ሽማግሌ ማን ይሆነኛል? አባቴ ሞቷል፣ አዲስ አበባ ውስጥ አጎት የለኝም። በአስካለ አባት ፊት የሚቆም፣ ቃሉ የሚከብድ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ እሳቸውም ጋሼ ዘበርጋ ናቸው። ጌታዬን ሚስት ይጠይቁልኝ ማለት ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብን፤ መድኃኒቱ እስካሁን አልተገኘም። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ዕድል ሆኖ ጋሼ የሚሌቼንቶዋን ሮዳጅ የቆረጡት ለዚያው ጠዋት፣ መንገዱም ያው የደሴ መንገድ እስከ ደብረ ብርሃን ነበር። ቀደም ብዬ እነሣለሁ፣ በአውቶብስ ተራ በኩል አልፋለሁ፣ ታየኛለች፣ አለቀ። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

ጠዋት ግን ውርጭ ነበር። የትናንት በስቲያው ጢስ ገና በመርካቶ ላይ ተኝቶ ብርዱን አክብዶታል። ሙቅ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩ፣ ኬሻውን ፊቷ ላይ አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ማስነሻው ሞቶሪኖ አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። አዲስ የተገጠመ ሞተር ያለ ብርድም ጠጣር ነው፤ በብርድ ጊዜማ ከነጭራሹ አይነቃነቅም። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ባትሪው ደከመ። ጋሼ ዘበርጋ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ቤታቸው የተሠራ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ ምን ያስቸኩልሃል፣ ፀሐይ ትውጣ እንጂ አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ወጥቼ እየሮጥኩ ተሸካሚዎች ጠራሁ። ጭድ ተራን ቁልቁል እየገፉን፣ በጭድ ላይ እያንሸራተቱን ወሰዱን። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ደስ የሚል ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ከመኪናው ወርጄ እስቅ ነበር።

አውቶብስ ተራ ስንደርስ የደሴው አውቶብስ ቦታ ባዶ ነበር። የብርቱካን ልጣጭና የተረገጠ ሣር ብቻ ቀርቷል። ጋሼ እዚህ ምን እናደርጋለን ሲሉኝ ነፋስ ላስሞላ ነው አልኩ፤ ጎማ ሳይጎድል ነፋስ አስሞላሁ።

ከከተማ እንደወጣን ጋሼ ዘበርጋ ጣታቸውን ፍጥነት መቁጠሪያው መስታወት ላይ አደረጉ። "ከዚህች እንዳታልፍ" አሉኝ። ሃምሳ ላይ ነበር። እግሬ ሃምሳ ላይ ሆኖ ልቤ ደሴ ገባ። ለገዳዲን፣ ከዚያ ሰንዳፋን አለፍን። እርሻው ሁሉ በውርጭ ነጥቷል፤ ገብሱ አጎንብሷል፤ በጎቹ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ተጠጋግተው ትንፋሻቸው ይታያል። ከየጎጆው ጣሪያ የኩበት ጢስ ይወጣል። ጋሼ ቀዝቅዞ የደረቀውን ቆጮ ከነኮባው ሞተሩ ላይ አስቀምጥልኝ ብለውኝ ነበር፤ ሞተሩ ሲሞቅ የኮባው ሽታ ከአዲስ ዘይት ጋር ተደባልቆ ወደ ውስጥ ገባ። ዛሬ ያንን ሽታ የሚሰጠኝ ሰው ባገኝ ምን እሰጠው እንደነበር አላውቅም።

ከሰንዳፋ ወዲያ ሜዳው ላይ አውቶብሱን አየሁት። ኬላው ላይ ፍተሻ ይዞት ኖሯል። ጣሪያው ላይ ፍራሽና የዶሮ ቅርጫት ተቆልሎ፣ አቧራውን እያስነሣ ከፊታችን ይሄዳል። ዳገት ሲደርስ ያቃስታል፣ እንቀርበዋለን፤ ሜዳ ሲደርስ ይተወናል። ሞተሩ አሁን ሞቋል፤ እግሬን ብጫን እንደምደርስበት አውቃለሁ። የጋሼ ጣት ግን ሃምሳ ላይ ናት። እንግዲህ ልናገር ብዬ "ጋሼ" ስል፣ "ቁም፣ ቁም" አሉኝ። አልልቱ ዳር አንዲት አሮጊት የቅቤ ቅል ታቅፈው መንገድ ዳር ቆመዋል።

ቆምኩ። አሮጊቷ ምን ያህል ትከፍሉኛላችሁ እንጂ ምን ያህል እከፍላለሁ የሚሉ አይመስሉም ነበር፤ በዝግታ መጡ፣ ማን ናችሁ፣ የት አገር ናችሁ፣ ገንዘብ የለኝም አሉ። ጋሼ ልማዳቸውን አስረዷቸው። አሮጊቷም ከመሳፈራቸው በፊት መኪናዋን ዞረው አዩ፣ ኬሻውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቆመው መረቁን። ረጅም ምርቃት ነበር። የማይቸኩል ሰው ነው ምርቃት የሚያውቀው። ኋላ ገቡ፣ ቅላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ሸኖ ገበያ ነው የሚሄዱት። አውቶብሱ ጉብታውን ወጥቶ ጠፋ።

ጥቂት እንደሄድን አሮጊቷ ከኋላዬ፣ "ልጄ፣ እዚያ አውቶብስ ላይ ማን አለህ?" አሉኝ።

ማንም የለኝም አልኩ። "አንገትህ ግን ሊበጠስ ነው" አሉ። ጋሼ ዘበርጋ ዞረው ፊቴን አዩኝ፤ የዚያን ቀን ገና ማየታቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ተናገርኩ። መስታወቱን፣ የደሴውን ሰው፣ አውቶብስ ተራን፣ የሽማግሌውንም ነገር ጭምር። እኔ ስናገር መንገዱን እንጂ ማንንም አላየሁም።

ጋሼ ጣታቸውን ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ አነሡ።

"የዚህችን ልጅ አባት ሱቅ ሲከፍት ዋስ የሆንኩት እኔ አይደለሁም?" አሉ። "ትናንት ማታ ብትነግረኝ ኖሮ እራቱን ሳይበላ ቤቱ እደርስ ነበር። በል ንዳ።"

"ሮዳጅ ናት፣ ጋሼ" አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

"ንዳ ብዬሃለሁ። ሞተር በሰው እጅ የተሠራ ነው፣ ድጋሚ ይሠራል።"

ነዳሁ። አሮጊቷ ቅላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እመቤቴን እየጠሩ፣ ጋሼ ዳሽቦርዱን ይዘው እያበረታቱኝ፣ ሞተሩ እየጓጎረ፣ ሸኖ ገባን። አሮጊቷ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ወረዱ፤ የቀረውን ምርቃት ከኋላችን እየጮኹ ላኩልን። አውቶብሱ ግን ሸኖ አልቆመም። ደብረ ብርሃን ለቁርስ ይቆማል፤ እዚያ እንይዘዋለን አልን። ፀሐይዋ ወጥታ ውርጩን አቅልጣዋለች፤ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጋሼ እንደ ልጅ እየሳቁ ለአባቷ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ይለማመዱ ነበር። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጫጫ ሳንደርስ ከፊታችን እንፋሎት ተነሣ። ኬሻውን ረስተነዋል። ብርድ ላይ ያሰርኩት ኬሻ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ፍጥነት ራዲያተሩን አፍኖት ውሃው ፈልቶ ነበር። አጠፋሁት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል። እስኪበርድ መጠበቅ ነው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሞተሩ ላይ የሞቀውን ቆጮ ጋሼ ቆርሰው ሰጡኝ፤ እምቢ ስላቸው በእጃቸው አጎረሱኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አውቶብሱ ሄዷል። የሻይ ቤቷ ሴት ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር።

ጋሼ ዘበርጋ ቃላቸውን ጠበቁ። በእሑዱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በአስካለ አባት ደጅ ቆሙ። አባትየውም ለእሳቸው ክብር ሲሉ ልጅቷን ልጠይቅ አሉ። ከደሴ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ እሱ መልሱን ሰጥቶኛል ብላለች። ጥር ላይ ተዳረች። ጋሼ ያንን መልስ ሲነግሩኝ እንደ ጥፋተኛ ጎንበስ ብለው ነበር። ሚሌቼንቶዋ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ደርሶባት፣ እስኪሸጧት ድረስ አንድ ቀን አላጨሰችም። የአሮጊቷ ምርቃት የሠራው ለሞተሩ ብቻ ነው እያልኩ በውስጤ እበሳጭ ነበር።

እኔም ኋላ አገባሁ። ባለቤቴን ነፍሷን ይማረው፣ ይህን ታሪክ ደብቄያት አላውቅም። ያቺ አሮጊት ባለውለታዬ ናት፣ ባገኛት ኖሮ ቅቤ አስገዝቼ እልክላት ነበር እያለች ትስቅብኝ ነበር። ጥሩ ኖርን። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ እውነት ነው። ግን ልብ ውስጥ ያለ ክፍል ሁሉ በአንድ ሰው አይሞላም፤ ይህን እሷም ታውቅ ነበር፣ ስለምታውቅ ነው የምትስቀው።

ብዙ ዘመን አልፎ፣ መንግሥትም ተለውጦ፣ ጋሼ ዘበርጋ ሞቱ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከአጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ስታስተካክል እጇን አወቅሁት። ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ እንዲያው ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ያህል ረጋ ብላ ጀመረች።

"መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ" አለችኝ፤ "በኋላ መስኮት ከሰንዳፋ ጀምሮ አይህ ነበር። ያችን መኪና የማላውቃት መሰለህ? መጣ ብዬ ነበር። ግን ስትንፏቀቅ አየሁህ። ደግሞ ቆመህ አሮጊት አሳፈርክ። የሚፈልገኝ ሰው እንዲህ አይነዳም፣ ለጌታው ሥራ የወጣ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ዞሬ አላየሁም።"

ከዚያ በኋላ ነበር የሮጥነው።

ሮዳጅ ነበረች አልኳት። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ አልቃሽ እያለቀሰ፣ ስለ ፒስተንና ስለ ሲሊንደር በሹክሹክታ አስረዳኋት። ስለ ጋሼ ጣት፣ ስለ ምርቃቱ፣ ስለ ኬሻውም ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም፤ ለቅሶ ቤት ነውና የጠየቃትም የለም። ስትነሣ እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄደች። ሁለተኛ አልተገናኘንም።

ትናንት የልጅ ልጄ ከሄደ በኋላ ፀሐዩ በረንዳዬ እስኪደርስ እዚያው ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚናፍቀው የደረሰበትን ቦታ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ናፍቆት ግን ሌላ ነው። ደብረ ብርሃንን አይደለም፣ የአስካለን ቤትም አይደለም፣ ሊሆን ይችል የነበረውንም ኑሮ አይደለም። ከሰንዳፋ ወዲያ ያለውን ያንን ሜዳ ነው። ውርጩ ገና ሳይቀልጥ፣ አውቶብሱ ከፊቴ ሲሄድ፣ እኔ አላውቅም እንጂ እሷ በኋላ መስኮት ወደ እኔ ትመለከት ነበር፣ መጣልኝ ብላ።